አውጥ የበቀለበት ቤት

በደርግ ጊዜ፣ መንደር ምሥረታው መጥቶ ከጊምቢቹ ወጣ ብሎ በእንሰት መሀል የነበረው ቤታችን ሲፈርስ፣ ቦታውን አውጥ ወረሰው። አውጥ ከብት ያደረበትን፣ አመድ የተደፋበትን አፈር ይወዳል። ነጭ አበባው ረግፎ ፍሬው ሲጠቁር እኛ የልጅ ልጆች ከአዲሱ መንደር አያታችንን ተከትለን ልንለቅም እንሄድ ነበር።

እሳቸው ታዲያ በፈለግነው በኩል ዘው ማለታችንን አይወዱም።

«በበሩ ግቡ እንጂ!» ይሉናል ቆጣ ብለው።

«አባባ፣ በሩ የታለ?» አለቻቸው አንድ ቀን እህቴ እየሳቀች።

«ይኸው እዚህ ጋ! የሠራሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ድሮ ለዝቅተኛው በር እንደሚያደርጉት ጎንበስ ብለው ገቡ። እኛም ጎንበስ ብለን ተከተልናቸው። ከዚያ «አረንጓዴውን ተዉት፣ ጥቁሩን ብቻ» እያሉ፣ ምድጃው የነበረበትን፣ ላሟ የምትታሰርበትን በከዘራቸው ያሳዩን ጀመር።

አያታችን ወደዚያ ቦታ ተመልሰው ቤት ሳይሠሩ አዲሱ መንደር ውስጥ አረፉ። በቀብራቸው ማግስት ብቻዬን ሄድኩ። አውጡ አፍርቷል፤ ጠቁሯል። ዙሪያውን ብዞር ብዞር በሩ በየት በኩል እንደነበር ጠፋኝ፤ ሳልገባ ተመለስኩ።