ቀዳዳ ያለው ካርቶን

በደርግ ዘመን ደብረ ብርሃን ቤተ መጻሕፍት ስሠራ፣ ለሕፃናት አንድ ጥግ አዘጋጀሁ። ትልቅ ካርቶን ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ በስቼ ውስጡን የበግ ፀጉር ሞላሁበት። ልጆቹ ተራ በተራ ሳያዩ ዳስሰው፣ ምን እንደሆነ እንዲነግሩኝ ነበር ሐሳቤ።

ሰልፉ ደርቶ ሳለ አንዲት እናት ከበር ላይ «የሥላሴ ያለህ!» ብለው ጮኹና ትንሹን ልጃቸውን መንጭቀው አወጡት።

«ገና ስድስት ዓመቱ ነው! ታላቁን በዚሁ ዕጣ ወሰዳችሁብኝ፤ አይበቃችሁም?»

ለካ በቀበሌያችን ለብሔራዊ ውትድርና ዕጣ የሚወጣው ከእንዲህ ያለ ካርቶን ነው! እኔ እንዴት ረሳሁት? «እናቴ፣ እስቲ እርስዎም እጅዎን ያስገቡ» አልኳቸው።

አስገቡ። ቶሎ አላወጡትም።

«የግልገል ፀጉር ነው» አሉ ቀስ ብለው። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ እናትና ልጅ ካርቶኑ አጠገብ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።

«ዛሬ ደግሞ ዕጣውን አንተ አውጣ» አሉኝ።

እጄን ሳስገባ፣ ገና ከተወለደች ሁለት ቀን ያልሞላት ግልገል ጣቴን እንደ እናቷ ጡት ይዛ ትጠባ ጀመር።