ቡላ ኮሶ የጠጣችበት መስቀል

ድመት ንጹሕ እንስሳ ናት የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ሣቄ ይመጣል። ቆሻሻዋን ትቀብራለች፣ ፊቷን ትታጠባለች ይላሉ። እስቲ ቡታጅራ እኛ ቤት አንድ ክረምት ከርማችሁ አውሩኝ! ልጅ እያለሁ ቡላ የምትባል ነጭ ድመት ነበረችን። ነጭ የምላት አመድ፣ ጭቃና ቁንጫ ያልደረሰበትን ቦታዋን ነው።

ቡላን የያዝናት ለፍቅር ብለን አልነበረም። እናቴ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ከመስቃን ገበሬዎች የገዛችውን በርበሬ ከጓዳችን በስተጀርባ ባለችው ክፍል በጆንያ ትደረድረዋለች። አይጥ በርበሬ አይነካም የሚል ካለ እሱም ተሳስቷል፤ ጆንያውን ይበሳል፣ ፍሬውን ይለቅማል፣ የተረፈውን ይሸናበታል። እናቴ ደግሞ ሰው የሚበላው ነገር አጠገብ የአይጥ መርዝ አይደርስም ብላ ምላ ነበር። ስለዚህ ቡላን ከብርድም ከጅብም መጠበቅ የቤቱ ሁሉ ሥራ ሆነ፣ ከሁሉም በላይ የእኔ።

የእኔ የሆነበት ምክንያት እስካሁን አይገባኝም። በቤቱ እንደ እኔ ተጸያፊ ልጅ አልነበረም። ወንድሞቼ በጠጡበት ኩባያ አልጠጣም፣ ወተት ላይ የሰፈፈ ስብ ካየሁ ቀኑን ሙሉ ምግብ አይወርድልኝም። ያቺ ድመት ግን ከሰው ሁሉ መርጣ እኔ ላይ ተጣበቀች። ክረምት ሲገባ ምድጃ ውስጥ ገብታ ፍሙ ያልጠፋ አመድ ላይ ትተኛለች፤ የተለበለበ ፀጉር ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ከዚያ ተነሥታ ዝናቡ ውስጥ ትዞርና እንደረጠበች ብርድ ልብሴ ውስጥ ሹልክ! ግማሽ አይጥ ትራሴ ላይ አስቀምጣ እንደ ባለውለታ ፊቴ ቁጭ ትላለች። ኡኡ ብዬ ሰፈሩን ቀውጬ ተመልሼ ስተኛ ሆዴ ላይ ተጠቅልላ ታንኮራፋለች። እርግጥ ሙቀቷን እወደው ነበር። ሐምሌን ያለ እሷ አልተኛውም።

በጋም ቢሆን ያው ነው። ከጎረቤት ወንድ ድመቶች ጋር ተቧጭራ ጆሮዋ መግል ይዞ ትመጣለች፤ በጨው ውሃ የምጠርገው እኔ ነኝ። በርበሬው ግቢ ውስጥ ሲሰጣ ደግሞ መሄጃ ያጣች ይመስል እላዩ ላይ ትንጎራደዳለች፤ ስታስነጥስ ንፍጧ ፊቴ ላይ ያርፋል። ወይ አበሳዬ!

ለመስቀል አጎቴ ወልዴ ከአዲስ አበባ ይመጣል። አገሩ ሲገባ ልቡ የሚከፈት፣ ቸርነቱ ሰውና እንስሳ የማይለይ ሰው ነበር። በሬው ታርዶ ሥጋው ገና ሳይበለት ለቡላ ይወረውርላታል፤ ስቡን፣ አንጀቱን፣ ጨጓራውን። እናቴ «ተው ወልዴ፣ ሆዷን ታበላሸዋለህ» ስትለው «ለእሷም መስቀል ነው እኮ!» ይላል። ያን ዓመት ቡላ መራመድ እስኪያቅታት በላች። ደም የነካው አፏን የእኔ ቀሚስ ላይ ጠረገችው።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ሆዷ ተነፋ፣ ጎኗ ግን እየከሳ ሄደ። አንድ ጠዋት ብርድ ልብሴን ስገልጥ ነጫጭ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ተበትኗል። ወንድሞቼ ሩዝ አልጋዬ ላይ በሉ ብዬ ተናድጄ በጣቴ ላነሣው ስል ተንቀሳቀሰ። እግዚኦ! ያን ቀን እጄን አሽቼ አሽቼ ሳሙናውን ልጨርሰው ስል እናቴ ደበቀችብኝ።

በእኛ ቤት ከመስቀል ሥጋ በኋላ ኮሶ የመጠጫ ቀን አለ፤ አጎቴም እሱን ሳይጠጣ ወደ አዲስ አበባ አይመለስም። ጥሬ ሥጋ የቀመሰ ሁሉ ይጠጣል፣ ምሕረት የሚባል የለም። እናቴ በባዶ ሆዳችን አሰልፋ፣ አፍንጫችንን ይዛ ትግተናለች። ያን ጠዋት ሁላችንንም ግታ በርበሬዋን ልትቀነጥስ ወደ ግቢ ወጣች። እኛ ፊታችንን አጨማድደን ተቀምጠን ሳለ አጎቴ ከማሰሮው የተረፈውን አየና «እሷስ?» አለ፣ ወደ ቡላ እየጠቆመ። «ሥጋውን ከእኛ እኩል በልታ የለ? ትሉም ይኸው ታየባት። ድርሻዋን ትጠጣ!»

ከማናችንም አፍ ተው የሚል አልወጣም። እኛ የጠጣነውን ሌላው ሲጠጣ ማየት ደስ ይል የለ? አጎቴ በጋቢው ጠቅልሎ ጉልበቱ መሐል ያዛትና ለትልቅ ሰው የሚበቃውን በአፏ አፈሰሰባት። ስትለቀቅ ቤቱን ዞረች፣ ግድግዳውን ቧጠጠች፣ ከዚያ መሐል ወለሉ ላይ ወደቀች። አረፋ ደፈቀች። ሆዷ እየተገለበጠ ሊወጣ የመጣው ነገር ጉሮሮዋ ላይ ተወተፈ፤ አየር አጥታ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ የለም፣ ምላሷ ጠቆረ። የአጎቴ ሣቅ ጠፋ። «አሁን ይለቃታል» አለ፣ ራሱም ሳያምነው።

ጩኸቴን ሰምታ እናቴ ሮጣ ገባች። «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ! ገደልካት እኮ!» አለችው። ቡላ ላይ ጎንበስ ካለች በኋላ ግን እጆቿን አየችና ቀጥ አለች። እስከ ክርኗ ቀይ ነበሩ። በበርበሬ ወቅት እናቴ ፊታችንን አትነካም፤ ያን ማቃጠል ሳሙናም አያስለቅቀውም። እንኳን የሚታፈን ጉሮሮ፣ ደህና ዓይንም አይችለው። የአጎቴ ጣት ደግሞ የሙቀጫ ዘነዘና ያክላል።

«አንቺ ነይ» አለችኝ። «ጣትሽን አስገቢና ሳቢው።»

«እማዬ፣ ያስጠላኛል!»

«እያስጠላሽ አስገቢ!»

አስገባሁ። ሙቅ ነው፣ ልጋግ ነው፣ የኮሶና የበሰበሰ ሥጋ ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው። ጥርሷን አጥንቴ ድረስ ሰካችብኝ። ጣቴ እንደ ረጠበ የጫማ ክር ያለ ልስልስ ነገር ነካ። ልተወው ፈለግሁ፤ እውነቴን ነው፣ ልተወው ፈልጌ ነበር። ዓይኗ ግን ዓይኔ ላይ ነው። ሳብኩት። እየተንቀሳቀሰ መጣ፣ አሁንም መጣ፣ የተቋጠረ ትል ከበላችው አንጀት ቁራጭ ጋር። ከኋላው ሆዷ ውስጥ የነበረው ሁሉ ጭኔ ላይ ተዘረገፈ። እኔም የጠጣሁትን ኮሶ በሙሉ በአጎቴ የበዓል ጫማ ላይ ለቀቅሁት።

ቡላ ተረፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አልጋዬን ረግጣ አታውቅም። እጄን ስዘረጋ ጆሮዋን አጥፋ ትሸሻለች። የት ሄዳ ብትተኛ ጥሩ ነው? በዚያ ሊገድላት በነበረው አጎቴ እግር ሥር! እሱ እኮ ሥጋ ወርዋሪው ነው። አጎቴ ሲሄድም ወደ እኔ አልመጣችም፤ የቀጣዩንም ዓመት ክረምት ምድጃዋን ታቅፋ ከረመች፣ እኔም ብርድ ልብሴ ንጹሕ ሆኖ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ከረምኩ። ውለታ ቢስ!

ዛሬ ወልቂጤ እኔ ቤት ልጄ ያመጣቻት ድመት አለች። ዘመኑ ተለውጧል፤ ለትሏ ክኒን አላት፣ ያውም በክብደቷ ተለክቶ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገዛ። ለክረምት ደረቅ ሣጥን አላት። መስቀል ሲደርስ ጥሬ ሥጋ ወርዋሪ እንግዳ እንዳያገኛት በር የምዘጋባት፣ አፏን ፈልቅቄ ክኒኑን የማስገባው፣ ያስታወከችውን የማነሣው እኔ ነኝ። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ከሩቅ ታዝዘኛለች።

ሰሞኑን ክኒኗን ስሰጣት ክንዴን ሞጭራ በረረችና ልጄ ጉያ ተሸሸገች። ልሰድባት አፌን ከፍቼ፣ ተውኩት። እኛስ ምን ነበርን? እናቴ ኮሶውን ግታን፣ ትላችንን ያወጣንበትን ጨርቅ በዚያ በሚያቃጥል እጇ ስታጥብ፣ እኛ በአጎታችን ጋቢ ውስጥ ገብተን እንደ ጠላት እናያት ነበር። አሁን አፈር በልቷታል። ከልጆቿ አንዳችንም፣ አንድ ቀን እንኳ፣ እማዬ አንቺንስ አያስጠላሽም ወይ ብለን አልጠየቅናትም።