ከአጥሩ ውጪ የቆመ ሹፌር

ሽኩር በሃያ ሁለት ዓመት የሹፌርነት ዘመኑ የሰሜን ሸዋን የጥንት አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ የሚያውቀው ግን በራቸውን ብቻ ነው። የራስ መኮንን ድልድይ ሰፈር ምዕመናንን በቅጥቅጡ ጭኖ ይወስዳል፤ እነሱ ሲገቡ እሱ ከአጥር ውጪ ይቀራል። ማንም አልከለከለውም። እስላም ሆኜ የሰው ደብር አልዳፈርም ብሎ በራሱ ላይ ያወጣው ሕግ ነው። ግትርነቱን ደግሞ ፒያሳ ሁሉ ያውቃል።

የጉዞዎቹ አዘጋጅ ሙሉእመቤት ሁሌ ትተርበው ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ገነት ስንገባም በር ላይ ልትጠብቀን ነው?» ትለዋለች። ያም ሆኖ የጾም ምሳውንና ውሃ በጆግ ይዛ ሳትወጣለት ቀርታ አታውቅም።

ባለፈው ዓቢይ ጾም ሙሉእመቤት አልጋ ያዘች፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤቷ መለሷት። ሽኩርን አስጠርታ፣ በየዓመቱ ከሚሄዱባት ከገደል ሥር ካለችው ኪዳነ ምሕረት ጠበል እንዲያመጣላት ለመነችው። ሳትሞት አንድ ጉንጭ መቅመስ ፈልጋለች። በማግስቱ ሳይነጋ ተነሣ።

ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ምንጩ ከአጥሩ ውስጥ ሃያ እርምጃ እንኳ አይርቅም፤ ይታየዋል። በደጅ ግን ሰው የለም፤ ሁሉም ጸሎት ላይ ነው። ቁርሱን በልቶ የመጣ እስላም ጠበል ቢነካ ነውር መሰለውና ጀሪካኑን አቅፎ በሩ ላይ ቆመ። በጾም ቅዳሴ የሚወጣው በዘጠኝ ሰዓት መሆኑን አላጣውም፤ አሁን አንድ ሰው ብቅ ይላል እያለ ቀኑ ሄደበት።

በመጨረሻ የወጡት ቄስ ነገሩን ሲሰሙ አዘኑ።

«ልጄ፣ ይህን ጠበል እስላሙም ክርስቲያኑም ይቀዳዋል። ማን ከለከለህ?» አሉት።

ጠበሉን ቀድቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ የሙሉእመቤት ልጅ ብሩክታይት ደወለች። ጠዋት ሲነሣ «ይፍጠኑልን» ብላ የሸኘችው ልጅ አሁን፣ «ጋሽ ሽኩር፣ አይቸኩሉ። ቀስ ብለው ይምጡ» አለችው።

መርዶ በስልክ እንደማይነገር ያውቃል። መኪናውን ዳር ይዞ አለቀሰ።

ሲደርስ ድንኳን ተተክሏል። ሙሉእመቤት ያረፈችው በስምንት ሰዓት ተኩል ነው፤ እንደደረሰ ቀድቶ ቢመለስ በሰባት ሰዓት ቤቷ በሆነ። ለቀስተኛው ስለ ታማኝነቱ ሲያመሰግነው ብሩክታይትን ለብቻዋ ጠራት።

«ስድስት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። መቅዳት እችል ነበር» አላት።

ብሩክታይት ከጀሪካኑ በኩባያ ቀድታ ሰጠችው።

«እማዬ በጆግ የምታወጣልዎት ከዚሁ ምንጭ እኮ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ጠጥተውታል።»

ሽኩር ቀመሰው። ያው የሚያውቀው ውሃ ነበር።