የእማማ ዘምዘም የመንገድ ዱዓ

ትናንት ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ስልኬ ጮኸ። እማማ ዘምዘም ናቸው። «ቶሎ ድረሽልኝ ልጄ... ሰይድ መኪና ይዞ መጥቷል። ሊወስደኝ ነው!»

እማማ ዘምዘም ሆጤ ሰፈር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔ ደግሞ እንደሳቸው ያሉ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ በሚያግዝ የሰፈራችን ማኅበር ውስጥ እሠራለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ እሳቸው ጋ ነኝ። ውኃ እቀዳለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ግፊታቸውን እለካለሁ። ሌላ ነገር ከነካሁ ግን «እጄ መች ተቆረጠ!» ብለው ይቆጡኛል።

ሰይድ ኮምቦልቻ የሚነግድ ልጃቸው ነው። ክፉ እንዳይመስላችሁ... እናቱን ሲወድ ለጉድ ነው! ባለፈው ሰሞን ግን ጭቃው አንሸራትቷቸው ደጃፋቸው ላይ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ እሱ እንቅልፍ የለውም።

ስደርስ ፍራሹ ተጠቅልሎ ሹፌሩ ትከሻ ላይ ወጥቷል። እማማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ምራቴ ወርቅ ናት፣ ልጄም አይጨክንብኝም። ግን እዚያ እንግዳ ነኝ... እዚህ እኮ ባለቤት ነኝ» አሉኝ።

«ወንድም ሰይድ፣ እኛ አለን እኮ!» ብዬ ለመንኩት።

«እኔ ኮምቦልቻ ተኝቼ እሷ እዚህ ብትወድቅስ?» አለኝ።

ይሄኔ እማማ ድንገት፣ «እሺ፣ እሄዳለሁ» አሉ። «ግን ዱዓ ሳይደረግ መንገድ አይወጣም። ቁጭ በሉ!»

ማን እምቢ ይላል? ሰይድ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን እማማ ዱዓ ሲያደርጉ «አሜን» ሳልል ቀርቼ አላውቅም፤ እጄን ዘረጋሁ። ሹፌሩም ፍራሹን እንደተሸከመ በሩ ላይ ቆመ።

«ያ ረቢ! ለሰይዴ ዕድሜ ስጥልኝ!»

«አሚን!»

«ልጆቹን አሳድግለት!»

«አሚን!»

«ገበያውን ባርክለት!»

«አሚን! አሚን!» ሰይድን ሞቅ አለው። ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል። እማማ ደግሞ እየፈጠኑ፣ እየፈጠኑ...

«ከክፉ ዓይን ሰውረው!»

«አሚን!»

«እኔንም ዓይኔን እስክከድን ከዚች ቤቴ፣ ከጎረቤቶቼ አትለየኝ!»

«አሚይይይን!»

ከሁላችንም በላይ የጮኸው ሰይድ ነበር።

ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። «ምን አልኩ?»

«አሚን አሉ» አለ ሹፌሩ ከፍራሹ ሥር።

«እማየ፣ ይሄማ አይሆንም! ሳላስበው ነው!»

«አላህ ፊት እጅህን ዘርግተህ አሚን ያልከውን ልትሽር ነው? በል ሻረው፣ እኔ የለሁበትም!»

ሰይድ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔማ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ በሳቅ ልፈነዳ ደርሻለሁ። መጀመሪያ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ አመለጠው... እናቱ ጉልበት ላይ ተደፍቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በመጨረሻ ሹፌሩን «በል ፍራሹን መልሰው» አለው። «ግን ይሄን ደጃፍ ድንጋይ ሳላስነጥፍ ኮምቦልቻ አልገባም!»

የእማማን ደስታ ብታዩ! እኔም ብድግ ብዬ አቅፌ ሳምኳቸው። እሳቸው ግን «ቆዩ፣ ዱዓው መች አለቀ?» ብለው እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።

«ሹፌራችንን በሰላም አግባው!»

«አሚን!»

«ይችን ልጄንም ጠብቅልኝ! ቅዳሜና እሁድም ሳትቀር እየመጣች የምታጫውተኝ አድርጋት!»

ሳቄ ገና አልበረደልኝም ነበር... «አሜን!» አልኩ።

ዛሬ እሁድ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ እማማ ዘምዘም ቤት፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ ነው።