ሞተር አጥፍቶ መውረድ

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው መካኒኩን ጴጥሮስን ባይወደው እንኳ ይፈራዋል። ጋራዡ በር ላይ ቆሞ «እንዴት አደርክ» ላለው ደንበኛ ሰላምታውን ከመመለሱ በፊት የሞተር ሳይክሉን ካቴና ነው የሚያየው።

«ይሄንን ነው ካቴና የምትለው? ሁለት ጣት ያህል ሲላላ ደህና ነው። ከዚያ ካለፈ አንድ ቀን ዘሎ ይወጣና ጎማህን ይይዝልሃል፣ ያኔ ጴጥሮስ አልነገረኝም እንዳትል! በነጭ ጋዝ እጠበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ዘይት አስነካው። በየሳምንቱ! ጸጉርህን ለመቆረጥ ጊዜ አለህ አይደል?»

ደንበኛው ይስቃል፣ ጴጥሮስ አይስቅም። ወደ ጎማው ይዞራል። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው ይላል። ዘይት ከጠቆረ ይቀየራል እንጂ አይጨመርበትም። በበጋ የአየር ማጣሪያውን አቧራ ሳያራግፍ «ሞተሬ አልጎትት አለኝ» እያለ የሚያለቅስ ሰው ሲመጣበትማ ቁጣው ለብቻው ነው። እንዲህ ሲጮህ ይቆይና መጨረሻ ላይ ድምፁ ዝቅ ይላል። አንገቱን ደፍቶ መፍቻውን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ቁልቁለት ላይ ሞተር አታጥፋ» ይላል። «በማርሽ ውረድ። በናትህ።» ይህችን ምክር ሲሰጥ የማንንም ዓይን አያይም።

ሚስቱ አቢጋኤል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበረች። የአንጋጫ ልጅ ናት፣ ከምባታ። እሱ ሀዲያ ነው። የእናቱን ቋንቋ እሷ፣ የእናቷን ቋንቋ እሱ በቅጡ ስለማይችሉት የተዋደዱትም የተጣሉትም በአማርኛ ነው። ሞተር መንዳት ያስተማራት ራሱ ነው፣ ኳስ ሜዳ ላይ፣ እየጮኸባት። እሷም «መጮህህን ካላቆምክ አጥሩ ውስጥ ይዤህ እገባለሁ» ትለው ነበር። ከኋላዋ የክትባት ሳጥን አስራ በሞርሲቶ ዙሪያ ያሉትን ቀበሌዎች ታዳርሳለች። ማታ እሷ ላም ላም፣ እሱ ዘይት ዘይት እየሸተቱ ይገናኙና ማን ቀድሞ ይታጠብ በሚለው ይጨቃጨቃሉ። ወይ ጉድ፣ ያ ጭቅጭቅ ዛሬ ቢገኝ!

መጋቢት ላይ ቤንዚን ጠፋ። ሰው ማደያ በር ላይ ሲሰለፍ ውሎ ባዶውን ይመለሳል። አቢጋኤል ጨነቃት፤ ክትባቱ ካልተሰጠ ይበላሻል፣ ገበሬው ደግሞ ከብቶቹን አስሮ ይጠብቃታል። ጴጥሮስ መላ አመጣላት።

«ቁልቁለቱን ሁሉ አጥፍተሽ፣ ማርሹን ፍሪ አድርገሽ ውረጂ። ስንት ቤንዚን እንደሚተርፍሽ ታያለሽ።»

«ፍሬኑስ?» አለችው።

«ፍሬኑን ማን ሰራውና ነው!» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን እንነጋገር፤ በዚያ ሰሞን ከሆሳዕና እስከ ሀደሮ አጥፍቶ ያልወረደ ባለሞተር የለም። ጴጥሮስ ራሱ ስንት ዓመት አድርጎታል። ግን እሱ መካኒክ ነው፣ ያውቃል። ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር ራሱ ይይዛል፣ ሸክሙን ከፍሬኑ ጋር ይካፈላል። ሲጠፋና ፍሪ ሲሆን ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ቁልቁለቱ ከረዘመ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የጋለ ሸራ ደግሞ ቢረግጡት አይይዝም። ይህን ሁሉ እያወቀ ነው ውረጂ ያላት።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለለት። ከቁልቁለቱ ግርጌ ሲደርስ ሰዎች አቢጋኤልን ነጠላ አልብሰዋታል። የክትባቱ ሳጥን ተከፍቶ ብልቃጦቹ ሳሩ ላይ ተበትነዋል። ጴጥሮስ ከማልቀሱ በፊት ያደረገውን እስከ ዛሬ ለራሱ ይቅር አላለውም፤ እጁ ለምዶበት ወደ ሞተር ሳይክሉ ሄደ። ቁልፉ ወደ ማጥፊያው ዞሯል። ማርሹ ፍሪ ላይ ነው። የኋላውን ፍሬን ቤት ነካው፤ ገና ትኩስ ነበር። የተቃጠለ ሸራ ሽታ አፍንጫው ገባ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም እንዲነግረው አላስፈለገም።

የተቀበረችው አንጋጫ፣ የእናቷ ደጅ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ወሬው በዛ። ዳኘ የሚባል ጎረቤት፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ አፉ ግን አያርፍም፣ «ድሮስ ሴት ልጅን ከሞተር ጋር ምን አገናኛት? ትበር ነበር አሉ» አለ። ሌላውም ተቀበለው። እናቷ ትርፌ «ትበር ነበር» በተባለ ቁጥር ልጃቸው ነውር እንደሠራች ሁሉ አንገታቸውን ይደፋሉ። ጴጥሮስ ይሰማል፣ ያያል፣ ዝም ይላል። አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ ዝም የሚል? የፈራ ሰው ነዋ። አፉን ከከፈተ እናቷንም እንደሚያጣ ፈርቶ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዳኘ ያንኑ ሲደግም ጴጥሮስ ብድግ አለ።

«አልበረረችም!» ድምፁ ድንኳኑን ሞላው። «ከእሷ የተሻለ የሚነዳ እዚህ መሀል የለም። እኔ ነኝ። ለቤንዚን ብዬ ቁልቁለቱን አጥፍተሽ ውረጂ ያልኳት እኔ ነኝ። ፍሬኑ እንደሚግል እያወቅኩ ነው። ስሟን ተዉላት፣ የእኔን አንሱ።»

ጴጥሮስ ሄዶ አማቱ እግር ሥር ተንበረከከ። ቢመቱት ደስ ባለው ነበር፣ ቢያባርሩት ይሻለው ነበር። ትርፌ ግን ራሱን በሁለት እጃቸው ያዙ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፣ ቃል በቃል እየፈለጉ ነው የሚናገሩት።

«አውቃለሁ ልጄ። ባለፈው ስትመጣ አይቻታለሁ፣ ሞተሩን አጥፍታ ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ተይ ብዬ ለመንኳት።»

«ምን አለችዎት?»

«‹እኔም በጣም እፈራለሁ እማዬ› አለችኝ። ‹ግን ጴጥሮስ ካለ ምንም አይሆንም› አለችኝ።»

አምስት ዓመት አብረው ሲኖሩ እፈራለሁ ብላው አታውቅም።