ለኮልቢ የተሟገተችው ፀጉር ቆራጭ

ቬርና ፓውሉክ በሜልፎርት ከተማ የወንዶች ፀጉር በመቁረጥ ነው ያረጀችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤቷ ምድር ቤት ያለውን ክፍል ለወጣት የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ትሰጣለች። ከነሱ አንዱ ኮልቢ ሬምፔል ነበር። ሦስት ክረምት አብሯት ኖሮ፣ የምትሠራለትን ፒሮጊ የሚባል ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ በሳህን በሳህን እየጨረሰ አድጎ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ትልቁ ሊግ ገባ።

የቬርና መከራ የጀመረው ያኔ ነው። ኮልቢ አንድ ጎል ሳያገባ ጥቅምት አለቀ፤ ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ዳኛ ሆነ።

«ያንቺ ልጅ አበቃለት» አላት ስንዴ አምራቹ ኦርቪል ስኮግ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ።

«ስንት ደቂቃ እንደሚያጫውቱት አይተሃል?»

«ደቂቃ ምናምን አትበይኝ። አጥቂ ጎል ያገባል፣ አለቀ።»

«ከማን ጋር አሰለፉት? ጉልበታቸው ካለቀ ሁለት አንጋፋዎች ጋር! ደግሞ የሚጫወቱባት ጎማ በተነጠቀች ቁጥር ወደ ኋላ እየበረረ ሲሸፍን አላየህም?»

«ለመሮጥማ ውሻዬም ይሮጣል።»

ቬርና ቶንዶሱን አጠፋች። የኦርቪል ቀኝ ጎን ተላጭቷል፤ ግራው እንደጎፈረ ነው።

«ተነስ።»

«ምን ሆነሻል?»

«ሂድና ቬርና ፀጉር መቁረጥ አትችልም እያልክ አውራ። ሥራ ሳያልቅ መፍረድ ትወድ የለ?»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን በሩን ከፈተችለት። አጥንት የሚሰብር ብርድ ገባ። ኦርቪል ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ እየተሳደበ ወጣ።

በሳምንቱ ኮልቢ በአንድ ጨዋታ ሁለት ጎል አገባ። በማግስቱ ኦርቪል ኮፍያውን እንዳጠለቀ ከች አለ።

«እኔ ድሮም ብያለሁ! እንደዚህ ያለ ልጅ በዚህ አገር አልተወለደም! ከተማው መግቢያ ላይ ስሙን በትልቁ መጻፍ አለብን!»

«አንዷ እኮ ቂጡን ነክታ ነው የገባችው!» ጮኸች ቬርና።

«ምን፣ ቀናሽ እንዴ?»

እንባዋ መጣ። ሲወድቅ ስትሟገትለት አይሰሟት፣ ሲነሳ ረጋ በሉ ስትላቸው ጠላት አደረጓት።

ከገና በፊት ክለቡ ኮልቢን ወደ ታችኛው ሊግ አወረደው። ልጁ ራሱ ደወለ።

«እማ ቬርና፣ አባረሩኝ።»

«አላባረሩህም። እዚያ ብዙ ትጫወታለህ። ግን ልንገርህ፣ ከሜዳው ግድግዳ ጥግ ሲገፉህ ቶሎ ትወድቃለህ። እሱ ላይ እውነታቸውን ነው።»

«አንቺም?»

«እኔም። ጎል ሳታገባ መጥፎ አልነበርክም፤ ስታገባም ተአምር አልነበርክም። ገና ነህ።»

«ፒሮጊ ላኪልኝ እሺ?» አላት። ድምፁ ላላ ብሎ ነበር።

በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ።

«ታዲያ ቁርጡን ንገሪን» አላት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ኦርቪል፤ «ልጁ ይችላል ወይስ አይችልም?»

«አላውቅም። እናንተም አታውቁም።»

«ሦስት ክረምት ሙሉ አብልተሽው?»

ቬርና ጭንቅላቱን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ ማጅራቱን መላጨት ጀመረች።