ባና ለብሳ ያለቀሰች ክፍል

ዛሬ አባባ ግቢያችን መሀል ቆመው "ወይኔ ልጄን" እያሉ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ልጃቸው እኔ ነኝ፤ ከበሩ ወዲህ ቆሜያለሁ።

በሬዲዮ ድራማ ባሏ የሞተባትን ሴት እጫወታለሁ። ድምፄን የምቀዳው እዚሁ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ቤታችን ውስጥ ነው። አዘጋጁ "ጣሳ ውስጥ ሆነሽ የምታወሪ ትመስያለሽ" ስላለኝ ያለንን የበግ ፀጉር ባና ሁሉ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። በሩንም በባና ሸፍኜ በምስማር ቸነከርኩት።

ጣሪያውን ረስቼዋለሁ። ጩኸቴ በቆርቆሮው ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ።

እኛ ሀገር ጩኸት የሰማ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። አባባ ጓሳ ሣር አጭደው ሲመለሱ ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል። ቤት ትተው የሄዱት ደግሞ እኔን ብቻ ነው።

"አለሁ አባባ" ብል ማን ይስማኝ። ምስማሩም አልነቀል አለኝ።

እንደምንም ስወጣ አባባ ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳበሱና "ሁለተኛ በሬን እንዳትዘጊ" አሉኝ።

ለቀስተኛው ግን አልተበተነም፤ ንፍሮ ተጥዷል። እኔም አፍሬ ተመልሼ እዚሁ ባና መሀል ተደብቄያለሁ።

ስልኬ ሲቀዳ ነበር። የአባባ ለቅሶ ታፍኖ ነው የሚሰማው፣ ጥራት የለውም። አላጠፋውም።

በቁማችሁ የተለቀሰላችሁ ካላችሁ፣ ከክፍላችሁ እንዴት እንደወጣችሁ ንገሩኝ።